ስለ ብሔራዊ የፓራሹት ዝላይ ውድድር የሚወሩ ወሬዎችና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ብሔራዊ የፓራሹት ዝላይ ሻምፒዮና አለ። አብዛኛው ውድድር ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ይውላል። የሚያዘጋጀው የአሜሪካ ፓራሹት ማኅበር፣ ባጭሩ ዩኤስፒኤ ነው። ዋና ቢሮው ቨርጂኒያ ፍሬድሪክስበርግ ነው። ከዲሲ ወደ ሪችመንድ በአይ-95 የምትመላለሱ ሰዎች ስንቴ አልፋችሁት ሄዳችኋል ማለት ነው። ውድድሩ ግን ቋሚ ቦታ የለውም፤ አንዴ አሪዞና ኢሎይ፣ አንዴ ኢሊኖይ ኦታዋ፣ አንዴ ሰሜን ካሮላይና ሬፎርድ እያለ ይዞራል።

ሐበሻ ሰብሰብ ባለበት ይህን ወሬ ካነሳችሁ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ምን ጎድሎት ነው ከደህና አውሮፕላን የሚዘለው?» ለዚህኛው መልስ የለኝም። ከሱ ቀጥለው ለሚመጡት ግን አለኝ።

«ውድድሩ የድፍረት ነው፣ ያልፈራ ያሸንፋል»

ለድፍረት ነጥብ የሚሰጥ ዳኛ የለም። ብዙ ሰው የሚወዳደርበትን ዘርፍ እንውሰድ። ፎርሜሽን ይባላል። አራት ሰዎች በደረታቸው እየወረዱ፣ አንዱ የሌላውን እጅ ወይም እግር እየያዘ ቅርጽ ይሠራሉ። የሚዘሉት ከ3,200 ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያው ሰው ከበሩ እንደወጣ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። ያላቸው 35 ሰከንድ ብቻ ነው። በዕጣ የወጡትን አምስት ወይም ስድስት ቅርጾች በቅደም ተከተል ይሠራሉ፣ ሲጨርሱ እንደገና ከመጀመሪያው ይቀጥላሉ፣ ሰዓቱ እስኪያልቅ። በትክክል የተሠራ አንድ ቅርጽ አንድ ነጥብ ነው። አንዱ መያዝ ያለበትን ቦታ ከሳተ፣ ወይም ወደሚቀጥለው ከማለፋቸው በፊት በትክክል ካልተላቀቁ፣ ነጥብ ይቀነስባቸዋል። ሙሉው ውድድር 10 ዙር ነው። ከላይኛው ምድብ ጫፍ ላይ ያሉት ቡድኖች በአንድ ዙር በአማካይ ከ20 ነጥብ በላይ ያመጣሉ። በ35 ሰከንድ! እስቲ አስቡት፣ አንዱን ቅርጽ ሠርቶ ተላቆ ሌላውን ለመያዝ ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ ሥራው የሚያልቀው መሬት ላይ ነው። ቅርጾቹ አስቀድመው የታወቁ ናቸው፤ 16ቱ በፊደል፣ 22ቱ በቁጥር ይጠራሉ። ኤም ኮከብ ነው፣ ጄ ዶናት። ዕጣው ሲወጣ ቡድኖቹ ወረቀት ዘርግተው ማን ወደየት እንደሚዞር ይሳሉ። ከዚያ እያንዳንዳቸው ጎማ በተገጠመላት ጣውላ ላይ በደረታቸው ተኝተው ሃንጋሩ ወለል ላይ ይሽከረከራሉ። ለማያውቅ ሰው ያስቃል። እነሱ ግን አይስቁም፣ አንዱ «ኤም፣ ሰባት፣ ዲ…» እያለ ይጠራል፣ ሌሎቹ ይዘው ይለቃሉ። አውሮፕላኑ ውስጥ ገብተውም አያርፉም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ደረታቸው ፊት እያንቀሳቀሱ፣ ዝላዩን በሐሳባቸው ከዳር እስከ ዳር ይደግሙታል። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ጸሎት ላይ ያሉ ሊመስሉት ይችላሉ።

ፍርሃት የለም ማለቴ አይደለም። ልብ ይመታል። ግን የሚፈሩት መውደቁን ሳይሆን ሦስተኛዋን ቅርጽ መርሳትን ነው።

«ካሜራ ያዡ ለማስታወሻ ነው»

ይሄኛው በጣም የተሳሳተው ነው፤ ምክንያቱም ካሜራ ያዡ ከሌለ ውድድር የለም። አራት ሰው የሚባለው ቡድን እውነቱ አምስት ነው። አምስተኛው ካሜራውን የራስ ቁሩ ላይ አስሮ፣ ከአውሮፕላኑ ውጪ ተንጠልጥሎ ይጠብቃቸውና አብሯቸው ይወጣል። ከዚያ በላያቸው ሆኖ፣ እነሱ በሚወርዱበት ፍጥነት እየወረደ፣ ሁሉም እጅና እግር እንዲታይ አድርጎ ይቀርጻል። ዳኞቹ የሚያዩት እሱ የቀረጸውን ብቻ ነው። አንገቱን ትንሽ አዘንብሎ የአንዱ እጅ ከምስሉ ከወጣ፣ አራቱ ምንም ያህል አሳምረው ቢሠሩት ዳኛው ያላየውን አይቆጥርም። ቡድኑ ሜዳሊያ ካገኘ እሱም እኩል አንገቱ ላይ ያጠልቃል። ሲገባው ነው።

«ሺህ ጊዜ ያልዘለለ አይጠጋም»

ለላይኛው ምድብ እውነት ነው፣ እዚያ ያሉት ሕይወታቸውን ለዚህ የሰጡ ናቸው። ከነሱ ውስጥ የአሜሪካ ጦር ፓራሹት ቡድን አለ፣ ጎልደን ናይትስ የሚባለው። በ1959 የተቋቋመ ሲሆን ለአባላቱ ዝላይ ሥራቸው ነው። ግን ከሥር ሌሎች ምድቦች አሉ። መካከለኛው ምድብ ቀለል ያሉ ቅርጾችን ነው የሚሠራው፤ ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚዘሉ ነርሶችና የኮምፒውተር ሰዎች የሚገቡበት ነው።

ተማሪ ለሆነ ደግሞ የኮሌጆች ሻምፒዮና አለ። የሚካሄደው የፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት ሰሞን ነው፣ ለጀማሪም ቦታ አለው። የመጀመሪያው ፈቃድ፣ ኤ ላይሰንስ፣ የሚገኘው ቢያንስ 25 ጊዜ ተዘልሎ ፈተናው ሲታለፍ ነው። የመጨረሻው፣ ዲ፣ 500 ይጠይቃል። እናም ልጃችሁ «ለእረፍት ከጓደኞቼ ጋር ወደ ፍሎሪዳ» ሲላችሁ ዝርዝሩን ጠየቅ አድርጉት።

«ቀላል ሰው ይሻላል»

አየር ላይ ከባድ ሰው ቶሎ ይወርዳል፣ ቀላል ሰው ይቀራል። አራቱ እኩል ካልወረዱ ደግሞ አይያያዙም። ስለዚህ ቀጭኗ ልጅ በወገቧ ከባድ የእርሳስ ማዕድን ታጥቃ ትዘላለች፣ ሞላ ያለው ሰውዬ አየር እንዲይዝለት ሰፋ ያለ ቱታ ይለብሳል። ኪሎ መጨመር የሚያስደስትበት ስፖርት ብርቅ ነው መቼም።

«ፓራሹቱ ካልተከፈተ አለቀ»

እያንዳንዱ ዘላይ ጀርባው ላይ ሁለት ፓራሹት አለው፣ የአሜሪካ ሕግም ያስገድዳል። ዋናው እምቢ ካለ አላቅቀው ይጥሉትና መጠባበቂያውን ይከፍታሉ። መጠባበቂያውን ማንም ተነስቶ አያጥፈውም፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ በየ180 ቀኑ አይቶ ያሽገዋል። ብዙዎቹ በዚያ ላይ ትንሽ ኮምፒውተር ያስገጥማሉ። ሰውየው ራሱን ስቶ ወይም ተዘናግቶ ከመሬት 230 ሜትር ገደማ ድረስ በዚያው ፍጥነት ከወረደ፣ መሣሪያው ራሱ መጠባበቂያውን ይከፍታል።

ይህ ማለት አደጋ የለም ማለት አይደለም። ዩኤስፒኤ ባወጣው መረጃ በ2023 አሜሪካ ውስጥ ወደ 3.65 ሚሊዮን ዝላይ ተደርጎ 10 ሰው ሞቷል። ሰው የማይጠብቀው ግን ይሄን ነው፦ ከሚሞቱት ብዙዎቹ ፓራሹታቸው በደንብ የተከፈተላቸው ናቸው። ትንሽ፣ ፈጣን ፓራሹት ይዘው መሬት አጠገብ ሲጠመዘዙ ነው የሚመቱት። እንግዲህ ከላይ ያለው ነጻ ውድቀት ሁሉን ያስፈራል፣ ልምድ ያለው ሰው ግን ይበልጥ የሚጠነቀቀው ማረፊያውን ነው።

«ሁሉም ያው መዝለል ነው»

አይደለም። የዒላማ ማረፍ ውድድር አለ፤ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላትን ክብ በተረከዝ መንካት። የፍጥነት ውድድር አለ፤ በደረት የሚወርድ ሰው በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ፣ እነዚህ በጭንቅላታቸው ተተክለው ምርጦቹ ከ500 ያልፋሉ። ክንፍ ያለው ልብስ ለብሰው የሚንሳፈፉ አሉ፣ በተከፈተ ፓራሹት የኩሬ ውሃ እየነኩ የሚያልፉ አሉ። የአንዱ ሻምፒዮን በሌላው ዘርፍ ጀማሪ ሊሆን ይችላል።

«ፀሐይ ካለ ቀኑን ሙሉ ይዘላል»

ይጠበቃል እንጂ! ዝቅ ያለ ደመና ካለ አይዘለልም፣ ነፋስ ከበረታ አይዘለልም። ሰዉ ልብሱን እንደለበሰ ሣሩ ላይ ተጋድሞ ድምፅ ማጉያውን ያዳምጣል። ከዚያ ድንገት «በአሥራ አምስት ደቂቃ ተዘጋጁ» ሲባል ሁሉም ይሯሯጣል። ሊያዩ የሚሄዱ ሰዎች ወንበርና ትዕግሥት ይያዙ።

«ያሸነፈ ገንዘብ ያፍሳል»

ሽልማቱ ሜዳሊያ ነው። በየዘርፉ ያሸነፈ አገሩን ወክሎ በዓለም ሻምፒዮና የመሰለፍ ዕድል ያገኛል። ኦሎምፒክ ግን ይህን ስፖርት አልተቀበለውም። ወጪው ያለው ከራስ ኪስ ነው። አንድ የዝላይ ትኬት 30 ዶላር አካባቢ ነው፣ ለካሜራ ያዡም ቡድኑ ይከፍላል፣ አሠልጣኝ አለ፣ ከታች ወደ ላይ ኃይለኛ ነፋስ በሚነፋበት ማማ ውስጥ እየተንሳፈፉ የሚደረገው ልምምድ በደቂቃ ነው የሚታሰበው። አዲስ ሙሉ ዕቃ በሺዎች ዶላር ነው። ከስፖንሰር የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው።

ሜዳሊያው የመጀመሪያችሁ ከሆነ ደግሞ ሌላ ወጪ አለ። በዘላዮች ልማድ ማንኛውንም ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገ ሰው ለሜዳው ሁሉ ቢራ ይገዛል፣ አልጠጣም ማለትም አያድንም።