ለኩዊልት ማሽን ልትገዙ ነው? መጀመሪያ እነዚህን እናጥራ

ኩዊልት ለማታውቁት፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ በስርዓት ይገጣጠምና ፊቱ ይሆናል፣ መሃል ባቲንግ የሚሉት ስስ ጥጥ ይገባል፣ ከስር ሌላ ጨርቅ ይነጠፍና ሶስቱ አንድ ላይ ይሰፋሉ። እናቴ መጀመሪያ ስታየው "ድሪቶ ነው እንዴ?" ነበር ያለችኝ፣ አሁን ግን ከጋቢዋ ላይ ደርባው ነው የምትተኛው። እዚህ አሜሪካ ያሉ ጓደኞቼ ጀምረውት የቱን ማሽን ልግዛ እያሉ ይደውሉልኛል፣ እና እውነት ለመናገር ሁሌ የምሰማው እነዚሁኑ ነገሮች ስለሆነ አንድ ላይ ልጻፋቸው።

"የስፌት ዓይነቱ የበዛ ማሽን ይሻላል"

አይሻልም። 200 ዓይነት ስፌት አለው ሲባል ልብ ይሰርቃል፣ እኔም የመጀመሪያውን የገዛሁት በዛ ተታልዬ ነው፣ ግን ኩዊልት ከሞላ ጎደል ሁሉም በቀጥታ ስፌት ነው የሚሰራው፣ ጨርቅ ላይ ቅርጽ ለመለጠፍ ዚግዛግ ካለው በቃ። ለዛ ሁሉ አበባና ቅጠል የምትከፍሉትን ብር ቀጥታው ስፌት ጥሩ የሆነ ማሽን ላይ አውሉት።

"ሄቪ ዲዩቲ የሚል ከተጻፈበት ለወፍራም ነገር ይሆናል"

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው እዚህ ጋ ነው። የኩዊልት ችግር ውፍረቱ አይደለም፣ ስፋቱ ነው። ከመርፌው ጀምሮ በስተቀኝ እስከ ማሽኑ ግንድ ድረስ ያለውን ክፍተት ተመልከቱት፣ ተራ የቤት ማሽን ላይ ከ15 እስከ 18 ሳንቲሜትር ቢሆን ነው። ሁለት ሜትር ከምናምን የሆነ የአልጋ ኩዊልት መሃሉን ስትሰፉ ግማሹ ተጠቅልሎ በዛች ቀዳዳ ውስጥ ማለፍ አለበት፣ አይገባም፣ ትገፋላችሁ፣ ጨርቁ ግንዱን ይደገፍና መርፌው ይጎተታል፣ ስፌቱ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ይሆናል፣ ትከሻችሁም ያልቃል። ለኩዊልት ተብለው የሚሰሩት ማሽኖች 20፣ 22፣ ከዛም በላይ ሳንቲሜትር አላቸው። ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ ሜትር ይዛችሁ ሂዱና ለኩት፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ተዉት።

የልብስ ፋብሪካ ማሽን የሚሉም አሉ። በደቂቃ እስከ 5000 ስፌት ይሄዳል፣ የቤቱ ግን ከ600 እስከ 1000 አካባቢ ነው። ቁርጥራጭ ለመገጣጠም ቆንጆ ነው፣ ግን የራሱ ጠረጴዛ አለው፣ መርፌውም ከቤቱ ማሽን የተለየ ነው፣ አፓርታማ ውስጥ ለምትኖር ጀማሪ አልመክርም።

"ጨርቁ የሚጨማደደው እኔ ስለማልችል ነው"

ኧረ በፍጹም! ማሽኑ ስር ያሉት ጥርሶች የሚጎትቱት የታችኛውን ጨርቅ ብቻ ነው፣ ላይኛውን የማሽኑ እግር፣ ማለትም ጨርቁን ከላይ የሚጫነው ብረት፣ ተጭኖ ይይዘዋል፣ ሶስት ድርብ ሲሆን ታችኛው ይቀድማል ላይኛው ይቀራል፣ ጫፍ ስትደርሱ የሆነ ጣት የሚያህል ጨርቅ ተርፎ ታጥፎ ታገኙታላችሁ። መፍትሄው ዎኪንግ ፉት የሚባል እግር ነው፣ እሱ ራሱ ጥርስ ስላለው ላይኛውን ከታችኛው እኩል ያስኬደዋል። ፋፍ (Pfaff) የሚባለው ኩባንያ በሚሰራቸው አንዳንድ ማሽኖች ላይ አብሮ ተሰርቶ ይመጣል፣ ሌላው ላይ ለብቻው ይገዛል። ከመግዛታችሁ በፊት ለዚህ ማሽን ዎኪንግ ፉት አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በእጅ እያንቀሳቀሱ ጥምዝምዝ መስፋት ለምትፈልጉ ደግሞ ጥርሶቹ ዝቅ የሚሉ መሆኑን እዩ።

ሌላው፣ ሱቅ ውስጥ የሚሰጧችሁ መሞከሪያ ጨርቅ ጠንካራና ነጠላ ነው፣ በሱ ላይ የማይሰፋ ማሽን የለም። ከቤት የራሳችሁን ጨርቅ፣ ባቲንግ፣ ጨርቅ ደርባችሁ ሂዱና አስር መስመር ስፉ፣ ከዛ ገልብጡት፣ ከስር ክሩ ተላቆ ቀለበት ቀለበት ከሰራና ውጥረቱን አስተካክለውም ካልተወ ሌላ ማሽን እዩ።

"አሮጌ ሲንጀር አበቃለት"

የብረቱን ሲንጀር ያየ ሰው እንደዚህ አይልም። ከ1933 ጀምሮ የወጣችው ፌዘርዌይት 221 የምትባለው 5 ኪሎ ገደማ ናት፣ ኩዊልት ሰሪዎች ዛሬም እየፈለጉ ይገዟታል፣ ቀጥታ ስፌቷ እንደ መስመር ነው። ግን እሷም ክፍተቷ ጠባብ ነው፣ ጥርሷም ዝቅ አይልም፣ ለመገጣጠም ትሁን እንጂ ትልቅ ኩዊልት ለመጨረስ ብቻዋን አትበቃም።

"ስፌት ከዘለለ ማሽኑ ተበላሽቷል"

መጀመሪያ መርፌውን ቀይሩ። ስምንት ሰዓት ያህል ከሰፋችሁበት ደንዝዟል፣ ለሶስት ድርብ መጠኑ 90/14 የሚለውን መርፌ ግዙ። አንዲት ጓደኛዬ ማሽኗን ልትመልሰው ነበር፣ መርፌውን አውጥተን ጫፉን ጥፍሯ ላይ ስንጎትተው ጫረው፣ አዲስ ስናስገባ እዛው ቁጭ ብላ እስከ ማታ ሰፋች።

"ከዚህ ገዝቼ ሀገር ቤት እልካለሁ፣ ሶኬቱን መቀየር ነው"

ይሄ ያሳዝነኛል ምክንያቱም በፍቅር የተላከ ማሽን የሚቃጠለው በዚህ ነው። አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ ኢትዮጵያ 220። የስልክ ቻርጀር ላይ ከ100 እስከ 240 ተጽፎ ስላየን ሁሉም እንደዛ ይመስለናል፣ እዚህ የሚሸጠው የስፌት ማሽን ግን ብዙው 120 ብቻ ነው፣ ገመዱ የሚሰካበት አጠገብ ወይ ከስሩ ተጽፏል አንብቡት። ያለ ትራንስፎርመር ከሰካችሁት ሞተሩ ይቃጠላል። እኔ ለእህቴ ማሽኑን እዛው አዲስ አበባ ባለ 220 እንድትገዛ አድርጌ ከዚህ የላክሁት መርፌና ዎኪንግ ፉት ብቻ ነው፣ እሱንም የማሽኗን እግር መግጠሚያ ከጎን ፎቶ አንስታ ከላከችልኝ በኋላ ነው፣ ምክንያቱም ሎው ሻንክና ሃይ ሻንክ የሚባሉ ሁለት ቁመት አሉ፣ የአንዱ እግር ለሌላው አይገጥምም።