ባትሪው ምን አጠፋ? ስለ መኪና ዕቃዎች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

መኪና ሲያስቸግር ቶሎ የሚቀየረው ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሳይሆን የተጠረጠረው ዕቃ ነው። ከታች ያሉትን አባባሎች ከሾፌርም ከመካኒክም ሰምቻለሁ፤ አንዳንዱን አምኜ ከፍዬበታለሁ።

«አልነሳ ካለ ባትሪው ሞቷል»

ሊሆን ይችላል፤ ግን ሳይለኩ አይፈረድበትም። እኔ አዲስ ባትሪ በገዛሁ በሦስተኛው ቀን መኪናዬን አስገፍቼ ነው ያስነሳሁት። ለካ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ የሚያዞረው ቺንጋ (ቀበቶ) ላልቶ ባትሪው የሚሞላው አጥቶ ኖሯል። የቮልት መለኪያ ብይዝ ኖሮ ወጪው በቀረልኝ ነበር። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው። ቁልፉ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ አቅም አንሶታል። ሞተሩ ተነስቶም ቁጥሩ ወደ 14 ገደማ ካልወጣ፣ ዲናሞውን፣ ቺንጋውንና ሽቦዎቹን ማየት ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን የባትሪውን ራስ፣ ገመዶቹ የሚታሰሩበትን፣ እዩት፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዘ ምናልባት ማጽዳትና ማጥበቅ ብቻ ይበቃል።

«ዲናሞ የሚፈተነው ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ በመንቀል ነው»

ይህ የድሮ መኪና ዘዴ ነው። ባትሪው ድንገት ሲነቀል ቮልቱ ይዘላል፤ የዛሬ መኪና ኮምፒውተር ደግሞ ያንን አይችልም። ዲናሞ ልፈትን ብሎ ኮምፒውተር ማቃጠል!

«የፍሬን ዘይት ሲጎድል መሙላት ነው»

ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። የፍሬን ሸራ እየሳሳ ሲሄድ የሚገፋው ፒስተን ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከኋላው የተከፈተውን ቦታ ዘይት ይሞላዋል፤ በዚያው ልክ የፍሬን ዘይቱ የሚቀመጥበት ዕቃ ውስጥ ያለው ዝቅ ይላል። ስለዚህ በወራት ቀስ እያለ የሚጎድል ዘይት «ሸራዬን እዩልኝ» እያለ ነው። ዝም ብሎ የሞላ ሰው ምልክቱን አጠፋው። በኋላ አዲስ ሸራ ሲገባ ፒስተኑ ይመለስና ትርፉ ዘይት ይፈሳል፤ የነካውን ቀለምም ይልጣል። በቀናት ውስጥ ከጎደለ ግን የሚያፈስ ቦታ አለና መኪናው ሳይጠገን አይነዳም።

ዘይቱ ባይጎድልም ያረጃል፤ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባበት ይህ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ይፈላል፣ አረፋው ይታመቃል፣ ፔዳሉ እግር ሥር ይሰምጣል። ብዙ አምራቾች በየ2 ዓመቱ ይቀየር የሚሉት ለዚህ ነው።

«የሞተር ዘይት ከጠቆረ አልቆለታል»

ጥላሸቱን አቅፎ መያዝ ሥራው ነው፤ የናፍታ ሞተር ውስጥማ በተቀየረ ማግስት ይጠቁራል። በቀለሙ ሳይሆን በኪሎሜትሩና በጊዜው ይቀየር። የሚያስደነግጠው ወተት ሲመስል ነው፤ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው።

«ለራዲያተር ውኃ ይበቃል»

መንገድ ላይ ለጭንቅ ጊዜ ይበቃል። ለዘወትር ግን ዝገት ይፈጥራል፤ ለራዲያተር ተብሎ ከተሠራው ፈሳሽ፣ ከኩላንትም ቀድሞ ይፈላል። ክዳኑ በግለቱ አይከፈት።

«የጎማ ንፋስ ልኩ ጎኑ ላይ የተጻፈው ነው»

እሱ ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው። የመኪናው ልክ ብዙውን ጊዜ የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ የሚለካውም ጎማው ሳይግል ነው።

«ታይሚንግ ቺንጋ የሚቀየረው ሲጮህ ነው»

የሚጮኸው አብዛኛውን ጊዜ የውጭው፣ የዲናሞው ቺንጋ ነው። ታይሚንጉ፣ ማለትም የሞተሩን ፒስተኖችና ቫልቮች እንቅስቃሴ የሚያስማማው ቺንጋ፣ ሳይናገር ይበጠሳል፤ በብዙ ሞተሮች ላይም ፒስተኑ ቫልቮቹን መትቶ ያጣምማቸዋል። በመመሪያው ኪሎሜትር ወይም ዓመት፣ ቀድሞ በደረሰው ይቀየር። የውኃ ፓምፑን የሚያዞረውም እሱ ከሆነ አብረው ይቀየሩ፤ ነገ ፓምፑ ቢያፈስ ያው ሁሉ እንደገና ይፈታል።