ማክሮ ፋይናንስ በስድስት ኪሎ፦ ምርምሩና ማስተማሩ

ማክሮ ፋይናንስ ብድር፣ ወለድና ምንዛሪ ከጠቅላላው ኢኮኖሚ ጋር እንዴት እንደሚተሳሰሩ የሚያጠና የኢኮኖሚክስ ዘርፍ ነው። በአዲስ አበባ የዘርፉ አንጋፋ ቤት ስድስት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አብዛኛው መረጃ ግን የሚመጣው ቁልቁል ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ ከብሔራዊ ባንክ ነው።

ዩኒቨርሲቲው በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅነት ማስተማር ጀምሮ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከኢኮኖሚክስ መምህራኑ ስማቸው በአክብሮት የሚነሳው ዶ/ር እሸቱ ጮሌ በ1985 ዓ.ም. ከተሰናበቱት ከ40 በላይ መምህራን አንዱ ነበሩ። የስንብቱ ምክንያት እስካሁን ያከራክራል፤ ለትምህርት ክፍሉ ጉዳት መሆኑ ግን አያከራክርም።

የዶክትሬት ተማሪው የመጀመሪያ ፈተና መረጃ ነው። ከ1965 ጀምሮ እስከ 1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር 2.07 ብር ነበር፤ በግራፍ ሲሳል ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ ካልተንቀሳቀሰ ቁጥር ደግሞ ውጤቱን መለካት አይቻልም። በ1985 ዶላሩ 5 ብር ሲገባ መስመሩ በአንድ ጊዜ ይዘላል። አገራዊ ምርት ለረጅም ጊዜ የተለካው በዓመት፣ ያውም ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 በሚዘጋው በጀት ዓመት ስለሆነ ከውጭ አገር መረጃ ጋር ማስታረቁ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በየመመረቂያ ጽሑፉ ኤአርዲኤል የሚባለው፣ የአንድን ቁጥር የአሁን መጠን ከራሱና ከሌሎች ቁጥሮች ያለፉ መጠኖች ጋር የሚያያይዘው የስታቲስቲክስ ዘዴ የሚደጋገመው በፋሽን ብቻ አይደለም፤ ለአጭር ተከታታይ መረጃ ይስማማል ስለሚባል ነው።

በ2003 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ የዕዳ ሰነድ እንዲገዙ ታዘዙ። መመሪያው በ2012 ዓ.ም. እስኪነሳ ድረስ የግሉን ዘርፍ ብድር አሳጥቷል የሚሉ ነበሩ፤ ለትላልቅ ፕሮጀክቶች ገንዘብ አስገኝቷል የሚሉም አሉ። ለተመራማሪው ግን መነሻና መድረሻው የታወቀ የፖሊሲ ለውጥ በቀላሉ የማይገኝ ሲሳይ ነው።

ከዶክትሬት ተማሪዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። ወለድና አገራዊ ገቢ አብረው እንዴት እንደሚወሰኑ በሚያሳየው በአይ ኤስ ኤል ኤም ግራፍ ላይ ወለድን በገበያ ሲያንቀሳቅሱ፣ ከክፍል ውጭ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በመመሪያ ይወሰን ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ያደገውም በዚሁ መንገድ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የፖሊሲ ወለድ ተመኑን፣ ማለትም ሌሎች ወለዶች የሚመሩበትን መነሻ ተመን፣ 15 በመቶ ብሎ ሲጀምርና ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ የሰሌዳው ግራፍ ለአገሩ ትንሽ ቀረበ። በጥር 2017 ዓ.ም. የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ፤ የአክሲዮን ዋጋን ለሚያጠና ተማሪ ግን ይህ ገና የጥቂት ወራት ቁጥር ነበር።