የአንጎል ኔትወርክ ካርታ ሲባል ምን ማለት ነው?

የአንጎል ዕጢ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ታስቦ «ዕጢው ከንግግር ቦታ ርቋል» ሲባል ብዙ ሰው እፎይ ይላል። ርቀት ብቻውን ግን አይበቃም። ንግግር የአንድ ቦታ ሥራ አይደለም፤ የተራራቁ የአንጎል ክፍሎች በነርቭ ክሮች ተያይዘው ይሠሩታል። ክሩ ከተቆረጠ ጫፎቹ ደህና ቢሆኑም ንግግር ይታወካል።

የአንጎል ኔትወርክ ካርታ እነዚህን የክር መስመሮች ያሳያል። ኤምአርአይ (በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምርመራ) በክሮቹ ውስጥ ውሃ ወዴት እንደሚንቀሳቀስ ተከትሎ መንገዳቸውን ይገምታል። ግምት መሆኑን ልብ በሉ! ለዚህም ነው አንዳንዴ ታካሚው በቀዶ ሕክምናው መሃል እንዲነቃ የሚደረገው፤ አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም። ሐኪሙ ቦታውን በትንሽ ኤሌክትሪክ ሲነካው ታካሚው የድመት ሥዕል እያየ ስሟን መጥራት ካቃተው፣ ያ ቦታ አይቆረጥም።

ከስትሮክ በኋላም፣ ወደ እጅ የሚወርደው መስመር ምን ያህል እንደተረፈ ማየት የማገገም ተስፋን ለመገመት ይረዳል።