የእማማ ግንባር ላይ ያለው መስቀልና የልጁ ክንድ ላይ ያለው ታቱ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጎንደር፣ ጎጃም፣ ወሎ ወይም ትግራይ ገጠር ያደጉ እናቶቻችንን ፊት ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የብዙዎቹ ግንባር ላይ ትንሽ መስቀል አለች። አንገታቸው ላይ ደግሞ እንደ ድሪ የተደረደረ ንቅሳት። ዕድሜ ሲገፋ ቀለሙ ይደበዝዝና ከቆዳው መሸብሸብ ጋር ይቀላቀላል፤ መስቀሏ ግን አትጠፋም። ግንባራቸውን ስንስም እሷን ነው የምንስመው። ማንም ተነሥቶ «እማማ፣ ይሄ ነገር እኮ ኃጢአት ነው» ሲላቸው አልሰማሁም።

እኚሁ እማማ በሚያስቀድሱበት ደብር ክንዱን ሙሉ ታቱ የተነቀሰ ልጅ ሲገባ ግን ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። «ይሄ ደግሞ ምን ሊሠራ መጣ?» የሚል ሹክሹክታ ይሰማል። ሁለቱም ቆዳ ላይ ያረፈ መርፌና ቀለም ነው። አንዱን ሃይማኖት፣ ሌላውን የሰይጣን ሥራ ያልንበት ምክንያት ምንድን ነው? አንዱን ስለለመድነው ሌላውን ስላልለመድነው ብቻ ከሆነ፣ ሁለት ዓይነት ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት የተጠላ ነው (ምሳ. 20፥10)። ስለዚህ ነገር ዛሬ ረጋ ብለን እንነጋገር።

ሁላችንም የምንጠቅሰው ዘሌዋውያን 19፥28ን ነው። ስለ ሞተ ሰው ሥጋችሁን አትንጩ፣ ገላችሁንም አትንቀሱ ይላል። የሚገርመው፣ ስንጠቅሰው ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ ነው የምናነሣው። የመጀመሪያው ግማሽ የሚናገረው ስለ ለቅሶ ቤታችን ነው። ልጇን ቀብራ ፊቷን የነጨች፣ ደሟ በጉንጯ የወረደ እናት በአገራችን ስንት አለች? ያንን ማንም «ጸያፍ ነው» ብሎ ከቤተ ክርስቲያን አላራቃትም። እጇን ይዘን «አይዞሽ፣ ተይ» ነው ያልናት። ደግሞም ልክ ነበርን። ታዲያ በዚያው ጥቅስ ልጁን ለመገሠጽ ስንነሣ ያንኑ ርኅራኄ የት ጣልነው?

ትእዛዙ ለምን እንደተሰጠ ማወቅም ይጠቅማል። በእስራኤል ዙሪያ የነበሩ አሕዛብ ሙታንን ሲያለቅሱና ጣዖታትን ሲለምኑ ሰውነታቸውን ይቆራርጡ ነበር። የበኣል ነቢያት በቀርሜሎስ ተራራ ላይ ደማቸው እስኪፈስ ድረስ ገላቸውን ሲቆርጡ 1ኛ ነገሥት 18፥28 ላይ እናነባለን። እግዚአብሔር ሕዝቡን ከዚህ ሲከለክል ምክንያቱንም ነግሯቸዋል። ዘዳግም 14፥1 የሚጀምረው «እናንተ የአምላካችሁ የእግዚአብሔር ልጆች ናችሁ» በሚል ቃል ነው። ክልከላው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ የማን እንደሆኑ ነገራቸው፤ ቀጥሎ ገላቸውን እንዴት እንደሚይዙ።

ስለዚህ ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው፦ መርፌው ቆዳህን ሲነካ ልብህ ወዴት እያየ ነበር?

የእማማን ታሪክ እንየው። ብዙዎቹ ሲነቀሱ ልጆች ነበሩ። ነቃሿ ሴት ጥላሸቱን ትበጠብጣለች፣ መርፌዎቹን አንድ ላይ ታስራለች፣ አንዷ ዘመድ ልጅቷን ጭኗ ላይ አስተኝታ ትይዛታለች። ግንባሯ፣ አንገቷ፣ አንዳንዴም ድዷ ይወጋል። ለውበት ነው፣ ድድ ያጠነክራል፣ መስቀሏም ትጠብቃታለች ይባላል። ፈቅደሽ ነው ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። ኋላ ግን ያቺን መስቀል በጾሟ፣ በስግደቷ፣ በቁርባኗ የራሷ አደረገቻት። የምናከብረው ይሄንን ሕይወት ነው። ቀለሙን ብቻ ካየን ከጥላሸት የተለየ ነገር የለውም።

ቀለሙ ብቻውን እምነት እንደማይሆን የሚያሳየን ሌላም ታሪክ አለ። ከጎንደር አካባቢ ወደ እስራኤል ከገቡ የቤተ እስራኤል እናቶች መካከል ግንባራቸው ላይ መስቀል ያላቸው አሉ። ክርስቲያን አልነበሩም፤ በክርስቲያኖች መካከል ሲኖሩ የተነቀሱት ነው። አገራቸው ብለው የገቡበት ቦታ ያ ምልክት ለብዙዎቹ ሸክም ሆነባቸው። ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ዝቅ አድርገው የሚያስሩ አሉ፤ በሌዘር ያስጠፉም አሉ። የእኛ መስቀል ለእነርሱ የሕመም ምልክት መሆኑ ሊያሳዝነን ይገባል። መስቀልን በሰው ግንባር ላይ በግድም በይሉኝታም መትከል የክርስቶስ መንገድ ሆኖ አያውቅም።

በሌላ በኩል የግብፅ ወንድሞቻችንን ተመልከቱ። ኮፕቶች በቀኝ እጃቸው አንጓ በውስጥ በኩል ትንሽ መስቀል ይነቀሳሉ። በአገራቸው ክርስቲያን መሆን ዋጋ ያስከፍላል። ሰላም ለማለት እጃቸውን ሲዘረጉ ማንነታቸው ይታወቃል። ኢየሩሳሌም አሮጌው ከተማ ውስጥም ከግብፅ የመጣ ራዙክ የሚባል ቤተሰብ አለ፤ በዚህ ሥራ ከ700 ዓመት በላይ እንደቆየ ይናገራል። ተሳላሚዎች ጎልጎታን ተሳልመው ሲወጡ ከእንጨት በተቀረጸ ማኅተም ቆዳቸው ላይ ንድፉ ይታተማል፤ ከዚያ ይነቀሳሉ። ይሄንን የማነሣው «ሂዱና ተነቀሱ» ለማለት አይደለም። አንድ ሰው መከራን አውቆ የተሸከመው ምልክትና ፎቶ ላይ እንዲያምር የተሠራ ምልክት አንድ እንዳልሆኑ ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ታቱ ቤት እንምጣ። ወጣቶቻችን ለምን እንደሚነቀሱ ቁጭ ብለን ብንጠይቃቸው ጥሩ ነበር። የፍቅረኛውን ስም የሚያስጽፍ አለ። ፋሽን ሆኖበት የገባ አለ። ስለ እነዚህ ብዙ አልልም፤ ነገ የሚለወጥን ስሜት ቆዳ ላይ ማተም ችኮላ መሆኑን ራሳቸውም ቆይተው ይናገሩታል።

ልቤን የሚነካው ግን በሐዘን የሚነቀሰው ነው። እናቱ የሞተችበት ልጅ የእናቱን ስምና ያረፈችበትን ቀን ደረቱ ላይ ያስጽፋል። ሐዘኑን የሚያኖርበት ቦታ አጥቶ ነው። በተለይ በስደት ያለ፣ ቀብሯ ላይ ያልደረሰ፣ መርዶውን በስልክ የሰማ ልጅ ይሄ ይጠናበታል። ወንድሜ፣ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ሐዘንህ ቦታ አላት። ጸሎተ ፍትሐት አለ። አርባዋ አለ፣ ተዝካሯ አለ። የክርስትና ስሟን ለካህኑ ስጥ፣ በጸሎት ያስባት። በስሟ ነዳያንን አብላ። ደረትህ ላይ ያለው ስም አንተ ስታርፍ አብሮህ አፈር ይገባል። በጸሎት የተጠራ ስም ግን ወደ እግዚአብሔር ይደርሳል። ዘሌዋውያን «ስለ ሞተ ሰው» ሲል የሚያነሣው ይሄንኑ ሐዘን ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ተስፋ እንደሌላቸው ሆናችሁ አትዘኑ ይለናል (1ኛ ተሰ. 4፥13)።

የእመቤታችንን ሥዕል፣ የቅዱስ ሚካኤልን ክንፍ፣ የጌታን ስቅለት የሚነቀሱም አሉ። ፍቅራቸውን አልጠራጠርም። ግን ቅዱስ ሥዕል ቤት ውስጥ እንኳ የክብር ቦታ ይሰጠዋል፤ መጋረጃ ይደረግለታል፣ በፊቱ እንጸልያለን። ክንድህ ላይ ከሆነ ጭፈራ ቤትም፣ ጠብም፣ የማይገባ ቦታም አብሮህ ይሄዳል። ታቱው ይጠብቀኛል ብለህ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ ቅዱሱን ክታብ አደረግኸው ማለት ነው። «ጳውሎስስ የኢየሱስን ማኅተም በሥጋዬ ተሸክሜአለሁ ብሎ የለ?» የሚል ልጅ ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል (ገላ. 6፥17)። አዎ ብሏል። የእሱ ማኅተም ግን የበትር፣ የግርፋትና የድንጋይ ጠባሳ ነው። 2ኛ ቆሮንቶስ 11ን አንብበው።

ደግሞ እኛ ቀድሞውኑ ታትመናል። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ተጠምቀን ሜሮን በ36 የሰውነታችን ክፍሎች ተቀብተናል። ዓይን አያየውም፤ ሌዘር አያጠፋውም። አንገታችን ላይ ያሰርነው ማተብ ምስክሩ ነው። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ሲሄዱ ማተባቸውን አውልቀው፣ ስማቸውን ቀይረው የሄዱ እህቶች አሉ። እዚያ ማንም ሳያያቸው፣ ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነው አቡነ ዘበሰማያት የሚሉትን እግዚአብሔር አላጣቸውም። ማኅተሙ አሁንም እነርሱ ላይ ነው።

እንግዲህ ገና ለምታስብ፦ አትቸኩል። ሰውነትህ በዋጋ የተገዛ ነው (1ኛ ቆሮ. 6፥20)። ቆዳህ ላይ ከመታተሙ በፊት ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ ጹምበት። የጤናውንም ነገር አትናቅ። ጓደኛ ቤት በአንድ መርፌ ለሦስት ለአራት መነቀስ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ ሊያስተላልፍ ይችላል።

አስቀድመህ ለተነቀስክ፦ ያለፈው አልፏል። ከክርስትና በፊትም ይሁን በኋላ፣ በስካርም ይሁን በልጅነት፣ ለንስሐ አባትህ ተናግረህ የሚሉህን ተቀበል። ማስጠፋት ከፈለግህ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂድ። ሌዘር ቀለሙን ይሰባብረዋል፤ ከዚያ ሰውነት ቀስ በቀስ ያስወግደዋል። በአንድ ቀን አያልቅም፤ በሳምንታት ልዩነት ደጋግሞ መመላለስ ይጠይቃል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ጥቁሩ ቀለም ይሻላል፣ አረንጓዴና ሰማያዊው ያስቸግራል። እንደ እኛ ባለ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ጠባሳም የቀለም ለውጥም ሊተው ስለሚችል ይሄንን የሚያውቅ ባለሙያ ፈልግ። በአሲድ ወይም በጋለ ብረት ለማጥፋት ግን ከቶ እንዳትሞክር። ንስሐ ቆዳህን እንድታቃጥል አይጠይቅህም። አቅም ከሌለህ ይቆይ፤ ከነታቱህ ጸልይ፣ ከነታቱህ ቁረብ፣ አባትህ እንደፈቀዱልህ።

ለእኛ ለቀረነው ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ጸበል ቦታ ልብ በሉ። ወንዶቹ ልብሳቸውን አውልቀው ተራ ይዘዋል። አንዱ ግን በብርድ ተንቀጥቅጦም ቲሸርቱን አያወልቅም። ጸበሉ በላዩ ሲወርድ ጨርቁ ቆዳው ላይ ይጣበቅና ከሥር ያለው ጥቁር ሥዕል ይታያል። ያኔ ነው ጥቅሻው የሚጀምረው። ያ ልጅ እኮ ሊድን ነው የመጣው። በሚቀጥለው ሳምንት ላይመለስ ይችላል፤ ያባረረው ጥቅሻችን ይሆናል። ሰው ፊትን ያያል፣ እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል (1ኛ ሳሙ. 16፥7)። ከጎኑ ቁሙ። ፎጣ ካላችሁ ስጡት። ስሙን ጠይቁት፣ የክርስትና ስሙንም።

አጥር ጥግ ቆመህ፣ እጅጌህን ወደ መዳፍህ እየጎተትህ ከውጭ የምትሳለም ወንድሜ ደግሞ፣ እሑድ ቅዳሴ ሳይጀመር ና። ከእማማ አጠገብ ቁም። መስቀል ለመሳለም ተራህ ሲደርስ እጅጌህ ቢሰበሰብም አትደንግጥ፤ ካህኑ መስቀሉን ግንባርህ ላይ ነው የሚያሳርፉት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።