መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ

ወገኖቼ፣ 1ኛ ነገሥት 19ን ገልጣችሁ አብራችሁኝ ቆዩ። ኤልያስ በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ሲወርድ ካየ ገና ብዙ አልቆየም። ንግሥት ኤልዛቤል ልትገድለው እንደማለች ሲሰማ ግን ሸሸ። ሎሌውን ቤርሳቤህ ትቶ ብቻውን ምድረ በዳ ገባ፤ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» አለ።

«ይበቃኛል» ነገ የተዘጋበት ሰው ቃል ነው። በእኛ በጎልማሶች አፍ «ዕድሜዬ ሄደ፤ ከእንግዲህ ምን ይመጣል?» ሆኖ ይወጣል። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አሮን ቤክ በድባቴ የተያዘ ሰው ራሱን፣ ዙሪያውንና የወደፊቱን አጨልሞ እንደሚያይ አስተምሯል፤ በ1974 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተስፋ መቁረጥን ብቻ የሚለካ 20 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አወጣ። ነገሩ አዙሪት ነው፤ ሕመሙ ነገን ያጨልማል፣ የጨለመው ነገም ሕመሙን ያባብሳል።

እኛ ታዲያ እንዲህ ላለው ሰው «ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ» የሚለውን ኤርምያስ 29፥11ን ጠቅሰን እንሄዳለን። (ያ ደብዳቤ ባቢሎን 70 ዓመት ለሚቆዩ ምርኮኞች የተጻፈ ነው፤ «ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ» ይላል እንጂ ነገ ጠዋት ሁሉም ይስተካከላል አይልም።) ሲብስብንም «እምነት ቢኖርህማ» እንላለን። እኔም ብያለሁ፤ ዛሬ ያሳፍረኛል።

መልአኩ ግን አልገሠጸውም። ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። ከራስጌው እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። ለዚህም ወቀሳ አልመጣበትም። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ «መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ» አለው። በቃኝ ላለ ሰው የነገ ወሬ የመጣለት በእንጎቻ ተጠቅልሎ ነው።

የእግዚአብሔር ተራራ ኮሬብ ደርሶ እንኳ ልቡ ወዲያው አልቀናም። «ብቻዬን ቀርቻለሁ» የሚለውን እሮሮ ከነፋሱ፣ ከመናወጡና ከእሳቱ በፊት ተናገረ፤ ከለስላሳው ድምፅ በኋላም ያንኑ ደገመ። እግዚአብሔር ሥራ ሰጠው፣ የሚተካውን ኤልሳዕን ጠቆመው፣ ለበኣል ያልተንበረከኩ 7,000 ሰዎች እንዳሉም ነገረው።

እንግዲህ አጠገባችሁ «በቃኝ» የሚል ሰው ካለ ስለ ሩቁ ዕቅዱ አትጠይቁት። እህል ቀምሶ እንደሆነ፣ እንቅልፍ ይዞት እንደሆነ ጠይቁት። ሐዘኑ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ሐኪም ዘንድ አብራችሁት ሂዱ፤ ጸሎቱ በሕክምናው አይቀርም። ሞትን ከተመኘ ደግሞ ብቻውን አትተዉት፤ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ጋ አድርሱት። ኤልያስ ሎሌውን ቤርሳቤህ ትቶት ነበር፤ ከኮሬብ ሲመለስ ግን ኤልሳዕ ተከተለው።