የደቡብ አፍሪካ መሐንዲስ ኮር፦ መንገድ የጠረጉልን ወዶ ዘማቾች

ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ፣ ሕጓ ዜጋን አስገድዶ ሩቅ አገር ማዝመት አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ ወደ ሰሜን የዘመተው ሁሉ ወዶ ዘማች ነው። ቃለ መሐላ ይፈጽማል፤ ትከሻው ላይም ቀይ ምልክት ያደርጋል። መሐንዲስ ኮሩ፣ ማለትም መንገድና ድልድይ የሚሠራው የጦሩ ክፍል፣ የተሞላው በእነዚህ ሰዎች ነው። ብዙዎቹ ከማዕድን ጉድጓድና ከመንገድ ሥራ የመጡ ነበሩ። ድንጋይና ድማሚት አዲስ አልሆነባቸውም።

ጥቁሮችም በፈቃዳቸው ዘምተዋል። መንግሥታቸው ግን ጠመንጃ አላስታጠቃቸውም። መኪና እየነዱና በጉልበታቸው እየሠሩ አገልግለዋል። ታሪኩ ሲነገር እነሱም መነሳት አለባቸው።

መሐንዲሶቹ እ.ኤ.አ. በ1940 ሰሜን ኬንያ ደረሱ። በረሃው ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ መንገድም አወጡ። ያለዚያ ውሃ ጦሩ ወደ እኛ ድንበር አይጠጋም ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ የጠበቃቸው ሥራ ሌላ ነው። ጣሊያን ሲያፈገፍግ ራሱ የሠራውን መንገድ እያፈረሰ ነበር የሄደው። ሐረር መጋቢት 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ተያዘች። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው የደንገጎ ቁልቁለት ግን በፈንጂ ተንዷል። ያንን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ሰው ሥራውን መገመት አይከብደውም፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ተራራ። እሱን ጠግነው ጦሩ ድሬዳዋ መጋቢት 20 ገባ። መጋቢት 28 ደግሞ አዲስ አበባ ተያዘች።

ድሉ የማን ነው የሚለው ዛሬም ያከራክራል። የደቡብ አፍሪካ ጸሐፊዎች የራሳቸውን ጦር ማስቀደማቸው የሚጠበቅ ነው። አርበኞቻችን አምስት ዓመት ሙሉ ጣሊያንን እንቅልፍ ባይነሱት ኖሮ ግን ጉዞው እንዲህ አይፈጥንም ነበር። ይህ አያጠያይቅም።

ከአዲስ አበባ በኋላ መሐንዲሶቹ ወደ ደሴ ዞሩ። ጣርማበር ላይ መንገዱ እንደገና ተንዶ ጠበቃቸው። ብርድና ጭጋግ ባለበት ከፍታ ላይ ፍርስራሹን ጠርገው መኪና አሳለፉ። ኮምቦልቻ ሚያዝያ 14፣ ደሴ ሚያዝያ 18 ተያዙ። አምባላጌ ላይ የነበረው የጣሊያን ጦር ግንቦት 11 እጁን ሰጠ።

በኋላ በሃይፋ–ቤሩት–ትሪፖሊ (የሊባኖሷ) የባቡር መስመር ላይ ዋሻ ቆፍረዋል፤ ግብፅ ውስጥ ኤል አላሜይን ላይም ፈንጂ ጠርገዋል። በመጨረሻ ጣሊያን አገር ገቡ። እዚያም ጀርመን እያፈረሰ የሚሄደውን ድልድይ ሲጠግኑ ጦርነቱ አበቃ።